ሐመሩ ሐ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
እትዬ እታበዝ ማመልከቻ ትጽፋለች፤ እኔ ከሷ ኋላ
በተከራየኋት ክፍል፣ ማታ ማታ፣
ለኮምፒውተሯ የጽሑፍ ሰሌዳ ፕሮግራም እሠራለሁ፣
ግድፈት ሲያይ ከቃሉ ሥር ቀይ እንዲያሰምር፣ በዝምታ።

ሰሌዳው ደግ ነው፤ ያዘዙትን ይማራል።
ክፋቱም እዚያው ነው፤ ያዘዙትን ይማራል።

መጀመሪያ ቃል ለቀምኩ፤ ሠላሳ ሺህ ሞላ።
«ሰበረ» አለ፤ «ተሰበረ» አለ፤ ከዚያ በኋላ
«ስላልተሰባበረላቸው» የምትል አንዲት ቃል መጣች፤
የእታበዝ ገጽ ቀይ በቀይ ሆነች፣
የበዓል ዋዜማ ዶሮ የታረደባት መሰለች።

እሺ፣ ልላጠው አልኩ፤
«የ»ን፣ «ለ»ን፣ «በ»ን፣ «ከ»ን ቀርፌ ሥሩን ፈለግኩ።
ዳኛው በላይ «በ» ቢነሣላቸው «ላይ» ሆነው ቀሩ፤
ከበደ «በደ» ሆነ፤
ለማ ደግሞ «ማ?» እያለ ራሱን ጠየቀ።
ሽንኩርት መላጥ እንዲህ ነው፤
እንባው ይመጣል፣ ፍሬው አይመጣም።

ደግሞ ፊደሉ አለ፤
ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤
ለጆሮ አንድ፣ ለዓይን ሦስት።
ሁለት የአማርኛ መምህራን ጠየቅሁ፤ ሦስት መልስ ሰጡኝ።
ከተማዋስ ራሷ? አሮጌው ማኅተም «አዋሳ»፣
አዲሱ «ሀዋሳ»፣
የባጃጁ መስታወት «ሐዋሳ»፤
እታበዝ በአንድ ገጽ ሦስቱንም ትጽፋለች፤
እስከ ዛሬ መንገድ የጠፋበት ደብዳቤ የለም።

አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል፣
አንዲት መስመር ጨመርኩ፦
የማታውቀው ቃል ሲገጥምህ የቅርቡን ፈልገህ ተካ። አትጠይቅ።
ፍጥነቱ አማረኝ። ተኛሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ባሪሶ ሀሜሶ መጣ፣
ከአሞራ ገደል ወዲያ ዓሣ የሚያወጣ፤
መረቡን ወስደው ጀልባውን አስረውበት።
እታበዝ ጻፈችለት።
ሰሌዳው አየ፤ «ሀሜሶ»ን አያውቅም፤
የቅርቡን ፈለገ፤
«ሀሜት» ብሎ ተካ።

እሱ የሚያነበው ሲዳምኛ ነው፣ በላቲን ፊደል።
አምኖ ፈረመ።

በቀጠሮው ቀን ጠሩ፦ «ባሪሶ ሀሜት!»
አግዳሚው ላይ ነበር። አልተነሣም።
ስሙ አይደለማ።
ሦስት ጊዜ ጠሩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ለዚያ ሰው አዘነለት፣
ምን ዓይነት አያት ነው ለልጁ እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ብሎ።
«አመልካች አልቀረበም» ተባለ። መዝገቡ ተዘጋ።

እታበዝ ወረቀቱን ይዛ ገባች። አልጮኸችም።
«እኔ ስም ሲከብደኝ እጠይቃለሁ» አለች፣
«‹የአባትዎን ስም ይድገሙልኝ› እላለሁ፤ አላፍርም።
ያንተ ምን ሆኖ ነው የሚያፍረው?»

ያችን መስመር አጠፋሁ፤ ሳጠፋት እጄ ከበደኝ፣
የሰው ቀጠሮ እንደዚህ አይጠፋማ።

አሁን ቀዩ ቀጭን ነው፤ ቃል አይነካም።
ቢጫኑት ሦስት ነገር ይላል፦
እለፈኝ። አስተምረኝ። ደግመህ አንብበኝ።
ሦስቱን ሀ እንደ አንድ ይፈልጋል፣
ያገኘውን ግን እንደ ተጻፈ ይተዋል።
ከ«አቶ» እና ከ«ወይዘሮ» ቀጥሎ የመጣን ስም
ሲያይ ዓይኑን ይሰብራል።
እታበዝ የራሷ መዝገበ ቃላት አላት፤
ማታ እየከፈትኩ አነበዋለሁ፦
ሀሜሶ። ጋልፋቶ። ቡሪሳሜ። ጨምበላላ።
በሠላሳ ሺሁ ውስጥ አንዱም አልነበረም፤
እኔ ግን እዚሁ ነው ያደግሁት።

ኅዳር ላይ ጀልባው ተፈታ። ሄጄ አየሁት።
ጎኑ ላይ በአረንጓዴ ቀለም አጽፎበታል፦
«ሐሜሶ»፤ በሐመሩ ሐ።
በሀሌታው ነው የሚጻፈው ልል አፌ ተከፈተ።
ሐመር በግዕዝ ጀልባ ነው።
አባ ኮዳው ከድንጋዩ ላይ ቆሞ ያየኛል፣
ፋይሉን ገና ያላነበበ ዳኛ ይመስል።
እለፈው፣ አልኩ ለራሴ።
አይ፣
አስተምረኝ።